ለሁለት ሰው ስኖርክሊንግ፦ ኢላት፣ የግብፅ ቀይ ባሕር፣ ዛንዚባር ወይስ ጅቡቲ?

ጥንዶች የባሕር ዳር ዕረፍት ሲያቅዱ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በሆቴልና በአውሮፕላን ቲኬት ዋጋ ላይ ነው። ውሃ ውስጥ ገብቶ ዓሣና ኮራል (እንደ ድንጋይ የጠነከረውን የባሕር ፍጡር) ማየት ለሚያስብ ሰው ግን ከዋጋ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ከሁለታችሁ ውሃ የሚፈራው ማን ነው? ቦታው የሚመረጠው ለእሱ ወይም ለእሷ ነው። ጎበዙ ዋናተኛ ቀላል ቦታ ላይም ብዙ ያያል። ፈሪው ከአቅሙ በላይ የሆነ ቦታ ከገባ ግን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሁለቱም ይወጣሉ፤ የቀረው ቀን ደግሞ በኩርፊያ ያልቃል።

ስኖርክሊንግ፣ ማለትም የውሃ መነጽር (ማስክ) አድርጎ፣ ስኖርክል በሚባል ቱቦ እየተነፈሱ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ወደ ታች ማየት፣ የዋና ጉብዝና አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ፊትን ውሃ ውስጥ ነክሮ በአፍ ብቻ ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ ሳይንፈራገጡ በሆድ መንሳፈፍ፣ ሲፈልጉ ደግሞ በጀርባ ተገልብጦ ማረፍ። ሦስቱንም ከጉዞው በፊት ገንዳ ውስጥ መለማመድ ይቻላል። ገንዳ ውስጥ አሥር ደቂቃ ሳያቋርጥ በስኖርክል መተንፈስ ያልቻለ ሰው ከጀልባ ላይ መዝለል የለበትም፤ ከዳር እየተራመደ የሚገባበት ቦታ ይፈለግለት። ባሕሩ በጨውነቱ ያግዛል። የውቅያኖስ ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ሲይዝ ሰሜናዊው ቀይ ባሕር 40 ግራም ገደማ ይደርሳል። ላንጋኖ ላይ እግሩ እየሰመጠ የተቸገረ ሰው ቀይ ባሕር ላይ ሳይታገል ይንሳፈፋል።

ኢላት፦ አጭሩ መንገድ፣ ግን መቆሚያ የለውም

እስራኤል ለሚኖሩ ጥንዶች ኢላት ተቀዳሚው ምርጫ ነው። ፓስፖርት አይጠይቅም፤ ከቴል አቪቭ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከከተማው በስተደቡብ፣ ወደ ግብፅ ድንበር፣ ወደ ታባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የኮራል ዳርቻ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ኮራል ይዟል። መግቢያው በክፍያ ነው፤ ማስክና ስኖርክል እዚያው ይከራያል፤ መታጠቢያና ጥላም አለ። ወደ ውሃው የሚገባው በተሠሩት ድልድዮች ብቻ ነው፤ ዳር ላይ ያለው ኮራል ጥልቀት ስለሌለው ረግጦ መግባት አይፈቀድም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፦ ከድልድዩ ጫፍ ስትወርዱ እግር የሚያሳርፍ አሸዋ የለም ብላችሁ አስቡ። ውሃ ለሚፈራው ሰው መንሳፈፊያ ጃኬት የግድ ነው።

ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ይነፍሳል፤ ወደ ደቡብም ይገፋል። ስለዚህ በሰሜኑ ድልድይ ገብቶ በደቡቡ መውጣት ከነፋስ ጋር ከመታገል ያድናል። በዚያው መንገድ ወደ ድንበሩ ሲቀርቡ የሚገኘው የፕሪንሰስ ዳርቻ ነፃ ነው፤ ግን ጥበቃውና አገልግሎቱ ከጥብቁ ቦታ ያነሰ ስለሆነ ለመጀመሪያ ቀን አይመከርም። ውሃው በክረምት 21 ወይም 22 ዲግሪ፣ በበጋ 27 ገደማ ነው። 22 ዲግሪ በወሬ ሲሰሙት ሞቃት ይመስላል፤ ውሃ ውስጥ ግን ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጥርስ ያንገጫግጫል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የምትሄዱ ከሆነ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የውሃ ልብስ ተከራዩ። በአይሁድ የፋሲካና የሱኮት (የዳስ) በዓላት ሰሞን ከተማው ስለሚጨናነቅ ከዓሣው ይልቅ የሰው እግር ነው የሚታየው፤ ከተቻለ የሥራ ቀን ምረጡ።

የግብፅ ዳርቻ አንድ አይደለም

ብዙ ሰው «ግብፅ» ብሎ ይጀምርና በቲኬት ዋጋ ብቻ ከተማ ይመርጣል። ሻርም አል ሼክ፣ ዳሃብ፣ ሁርጋዳና ማርሳ ዓለም ግን ለጀማሪ የሚሰጡት ነገር ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ሻርም አል ሼክ ብዙ ሆቴሎች ፊት ለፊታቸው ኮራል አላቸው፤ እሱን ለመሻገር ረጅም የእንጨት ወይም ተንሳፋፊ ድልድይ ይሠራሉ። ከድልድዩ መሰላል ስትወርዱ አንድ እርምጃ ሳይሞላ ከእግር በታች ሰማያዊ ገደል ይከፈታል። የለመደውን ሰው ያስደስታል፤ ለጀማሪ ግን ከፍ ካለ ፎቅ ላይ ወደ ታች እንደማየት ነው፤ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ማስኩ ይወልቃል። በአቅራቢያው ያለው ራስ መሐመድ በ1983 ብሔራዊ ፓርክ የተባለ ሲሆን የኮራሉ ሀብት የታወቀ ነው። የባሕሩ ፍሰት (ጅረቱ) ግን ጠንካራ ስለሚሆን ያለ አስጎብኚ አይገባም።

ዳሃብ ርካሽና ዘና ያለ ነው፤ የራሱ ፈተና ነፋሱ ነው። ከሰዓት በኋላ የሰሜኑ ነፋስ ስለሚበረታ ስኖርክሊንግ የጠዋት ሥራ ነው። «ላይትሃውስ» የሚባለው ስፍራ ለጀማሪ የተሻለ ነው። ሰማያዊው ጉድጓድ፣ ብሉ ሆል፣ ዝናው የመጣው ከጥልቀቱ ነው፤ ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ለስኖርክለኛ ጥልቀቱ ትርጉም የለውም፤ የሚታየው ሁሉ በጠርዙ ዙሪያ ባለው የላይኛው ኮራል ላይ ነው። ሁለታችሁም ከለመዳችሁ ሂዱ፤ አንዳችሁ ጀማሪ ከሆናችሁ ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ቀን አቆዩት።

ለፍርሃት የሚሆነው መድኃኒት ማርሳ ዓለም ነው። «ማርሳ» የሚባሉት ገባ ያሉ የባሕር ወሽመጦች ከነፋስ የተከለሉ ናቸው፤ ብዙዎቹ አሸዋማ መግቢያ አላቸው። አቡ ደባብ ላይ ውሃው ቀስ በቀስ ይጠልቃል፤ ወገብ ድረስ በገባ ውሃ ቆሞ ማስክ ማስተካከል ይቻላል። መካከሉ ላይ ባለው የባሕር ሣር አረንጓዴ የባሕር ኤሊዎች ይግጣሉ። ኤሊ ሣሩን ትቶ ወደ ላይ ሲነሣ ለመተንፈስ ነው፤ መንገዱን መዝጋት ወይም ከላዩ መሆን አይገባም፤ በጎን በኩል ሦስት ሜትር ርቆ ማየት ይበቃል። ከሁለታችሁ አንዱ ዋና የማይችል ከሆነ ከአራቱ የግብፅ ከተሞች ይህንን ምረጡ። ሁርጋዳ የጀልባ ከተማ ናት፤ ደህናው ኮራል ጊፍቱን ደሴቶች አካባቢ ስለሆነ ቀኑ ሙሉ በጀልባ ያልፋል።

ዛንዚባር፦ መጀመሪያ የባሕሩን ሰዓት

ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ስለሚደረስባት ለጫጉላ ሽርሽር ዛንዚባርን የሚመርጡ ብዙ ናቸው። እዚህ የሚበላሸው ነገር ግን ሌላ ቦታ ከሚበላሸው ይለያል። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ ሲሆን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሦስት ሜትር ይበልጣል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄ፣ ጃምቢያኒ ወይም ማቴምዌ ያረፈ ሰው ጠዋት ከአልጋው ሲነሣ ባሕሩ በመቶዎች ሜትር ሸሽቶ፣ ሴቶች የባሕር አረም ሲሰበስቡ ሊያይ ይችላል። በዚያ ሰዓት ዋና የለም፤ የቀረችው ውሃ ደግሞ በባሕር ጃርት የተሞላች ናት። ኑንግዊና ኬንድዋ በሰሜን ጫፍ ስለሆኑ ባሕሩ ሲሸሽም መዋኘት ይቻላል። ስለዚህ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት የምትቆዩባቸውን ቀናት የሙላት ሰንጠረዥ ተመልከቱ። ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደፊት ይሄዳል፤ የዛሬው የጠዋት ሙላት ከሳምንት በኋላ ከሰዓት ላይ ይወድቃል።

ደህናው ስኖርክሊንግ ምነምባ ነው። ደሴቲቱ የግል ስለሆነች ለሎጁ እንግዶች ካልሆነ በስተቀር አይወረድባትም፤ ጀልባው በዙሪያዋ ባለው ኮራል ላይ ይቆማል። ከማቴምዌ ወይም ከሙዩኒ ሃያ ደቂቃ ያህል፣ ከኑንግዊ ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ረፋዱ ላይ በርካታ ጀልባዎች በአንድ ቦታ ይደራረባሉ፤ የሞተር ሽታና የሰው ብዛት ደስታውን ይቀንሰዋል። ማለዳ ወደ ውሃው የሚገባ ጀልባ ፈልጉ። ዋጋ ስትጠይቁ አራት ነገር ለዩ፦ የባሕር ጥብቅ ቦታው ክፍያ ተካቷል? በጀልባው ላይ ስንት ሰው ነው? አስጎብኚው ከእናንተ ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል ወይስ ጀልባው ላይ ይቀራል? ለሁለት ሰው ላይፍ ጃኬት በልካችሁ አለ? ሦስተኛው ጥያቄ ከዋጋው ይበልጣል። ዶልፊን ሲያሳድድ የሚውል ጀልባ ከሆነ ሌላ ፈልጉ፤ እንስሳቱን ያስጨንቃል፣ እናንተም ሁለት ሰዓት በማዕበል ትናጣላችሁ።

ሰዓትን በተመለከተ አንድ ነገር፦ የስዋሂሊ ተናጋሪ እንደ እኛ ከንጋት ነው የሚቆጥረው። ባለ ጀልባው በስዋሂሊ ሁለት ሰዓት ካለ የእኛው ሁለት ሰዓት ነው፤ በእንግሊዝኛ ከሆነ ግን ስምንት ይላል። በየትኛው እንደሚናገር ሳያረጋግጡ መለያየት ጀልባ ያስመልጣል።

ከምነምባ ጸጥ ያለ አማራጭ ለሚፈልጉ ከድንጋይ ከተማ (ስቶን ታውን፣ የዛንዚባር አሮጌ ከተማ) በስተደቡብ ያለችው ቹምቤ ደሴት አለች። ከ1994 ጀምሮ የተጠበቀች ናት፤ በአየር ጋን የሚጠልቅ ሰው አይፈቀድባትም፤ ስኖርክሊንጉ በአስጎብኚ ነው፤ የቀን ጎብኚ ቁጥሩም የተወሰነ ስለሆነ አስቀድሞ ይያዛል። ዋጋው ከጋራ ጀልባ በብዙ ይበልጣል፤ ኮራሉ ግን ያልተረገጠ ነው፤ ለአንድ ቀን ማውጣት ተገቢ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ከባዱ የዝናብ ወቅት ስለሆነ ውሃው ይደፈርሳል፤ ዋጋ ርካሽ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ጅቡቲ፦ ለኮራል ሳይሆን ለትልቁ ዓሣ

ጅቡቲ ቅርብ ናት፤ ጥሩ ዋና ለማይችሉ ጥንዶች ግን የመጀመሪያ ምርጫ አይደለችም። ሰው ወደዚያ የሚሄደው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በተለይ በአርታ ዳርቻ አካባቢ የሚመጣውን ዌል ሻርክ ለማየት ነው። በዓለም ላይ ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ ዝርያ ነው፤ እዚህ የሚታዩት አብዛኛዎቹ ግን ወጣቶች ስለሆኑ ጥቂት ሜትር ነው ርዝመታቸው። ሰው አይነክስም፤ የሚበላው ከውሃው አጣርቶ የሚወስዳቸውን ጥቃቅን ፕላንክተን ነው። ችግሩም ከዚሁ ይመጣል፦ ፕላንክተን የበዛበት ውሃ አረንጓዴና ደብዛዛ ነው፤ ሻርኩ በድንገት ከፊታችሁ ሊወጣ ይችላል። ጀልባው በጥልቅ ውሃ ላይ ያወርዳችኋል፤ እንስሳው ደግሞ አይጠብቅም፤ በፊን (እግር ላይ በሚጠለቅ መቅዘፊያ) ፈጥኖ መዋኘት ያስፈልጋል። አንዳችሁ ጀልባው ላይ ቆይታችሁ ከላይ ማየት ካላስከፋችሁ መልካም ነው፤ ጀርባው ላይ ያሉት ነጫጭ ነጠብጣቦች ከላይም በደንብ ይታያሉ። ከሰውነቱ ሦስት ሜትር፣ ከጅራቱ አራት ሜትር ራቁ፤ አትንኩ፣ ፍላሽ አታብሩ።

ለተራ ስኖርክሊንግ ከወደቡ በጀልባ የሚደረስባቸው ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ይሻላሉ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግን አትሂዱ፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ነፋሱም አሸዋ ያነሣል።

ከዳር ወይስ ከጀልባ

ቦታው ምንም ይሁን ምርጫው በመጨረሻ ወደዚህ ይመጣል። ከዳር የሚገባ ሰው የፈለገውን ያህል ይቆያል፣ ሲደክመው ይወጣል፣ ሲፈራ ይመለሳል፤ ወጪውም ከማስክ ኪራይ አይበልጥም። ከጀልባ የሚገባ ሰው የተሻለ ኮራል ያያል፣ ግን ሰዓቱ የጀልባው ነው፣ መውጫውም አንድ መሰላል ብቻ። የሚያስታውካችሁም አብዛኛውን ጊዜ ውሃው ሳይሆን ጀልባው ነው። መኪና የሚያስመልሰው ሰው የማቅለሽለሽ መከላከያውን ክኒን ከመነሣቱ አንድ ሰዓት በፊት ይዋጥ፤ ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ መዋጥ አይረዳም። በጾም ወቅት የምትሄዱ ከሆነ የጀልባው ምሳ አብዛኛውን ጊዜ የተጠበሰ ዓሣና ኦክቶፐስ ስለሆነ ሩዝና ፍራፍሬ እንዲያዘጋጁ ከዋዜማው ንገሩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይጠጡ በፀሐይና በጨው ውስጥ መዋል ግን ጡንቻ ያኮማትራል፤ ያን ቀን ስኖርክሊንጉን ተዉት።

ሁለቱን የሚያስታርቀው መንገድ የመጀመሪያውን ቀን ከዳር ማድረግና ውጤቱን አይቶ ለሦስተኛው ቀን ጀልባ መያዝ ነው። የአምስት ቀን ጀልባ በአንድ ጊዜ የሚያስከፍል ጥቅል አትግዙ።

ማስክ ግዙ፣ ፊን ተከራዩ

ማስክ የፊት ጉዳይ ነው፤ ለሚስት የተስማማው ለባል አይስማማም። ሱቅ ውስጥ ማሰሪያውን ወደ ፊት ገልብጡት፣ ማስኩን ፊታችሁ ላይ አሳርፉ፣ በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ እጃችሁን ልቀቁት። ሳይወድቅ ከቆየ ይሆናችኋል። መስታወቱ የጠነከረ መስታወት፣ ዙሪያው ሲሊኮን መሆኑን አረጋግጡ፤ ርካሹ ፕላስቲክ ይደርቃል፣ ያፈስሳል። ጢም ያለው ሰው ከአፍንጫው በታች ጥቂት ቫዝሊን ይቀባ። ሹሩባ የተሠራች ሴት ከግንባሯ የሚነሣው ጥልፍ በማስኩ ጠርዝ ስር እንዳይገባ ወደ ኋላ ትሰብስብ፤ አንድ ጥልፍ ብቻ ስር ቢገባ ውሃው በእሱ ላይ ይሾልካል። ሰፊ የጨርቅ ማሰሪያ ፀጉር ስለማይጎትት ከላስቲኩ ይሻላል። መነጽር የሚያደርግ ሰው ቁጥሩን የያዘ ማስክ ማግኘት ይችላል፤ ያለ እሱ የሚያየው ቀለም ብቻ ነው።

አዲስ ማስክ ከፋብሪካው የቀረ ስስ ቅባት ስላለው ይደበዝዛል። ጄል ባልሆነ ነጭ የጥርስ ሳሙና የመስታወቱን ውስጥ በጣት ፈትጉና እጠቡ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሙት። ከዚያ በኋላ በየጊዜው ከመግባት በፊት አንድ ጠብታ የሕፃን ሻምፑ ይበቃል። የፀሐይ ክሬም ግንባር ላይ አትቀቡ፤ ወደ መስታወቱ ፈስሶ ዓይን ያቃጥላል። ክሬሙን በመቀባት ፈንታ እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስና ስስ ሱሪ ልበሱ፤ ጀርባ፣ የጉልበት ኋላና አንገት የሚቃጠሉት ፊት ወደ ታች ሲሆን ነው። ልብሱ ኮራሉንም ይጠቅማል።

ሙሉ ፊት የሚሸፍነው ማስክ ጀማሪን ይማርካል፤ በአፍንጫም መተንፈስ ይቻላል ስለሚባል። እኛ አንመክረውም። ውስጡ የሚቀረው የተተነፈሰ አየር ብዙ ነው፣ በተለይ ርካሾቹ ላይ፤ ድንጋጤ ሲመጣ በአንድ እጅ አውልቆ መጣልም ያስቸግራል። ስኖርክሉ ደግሞ ከ40 ሴንቲ ሜትር ያልረዘመ፣ ጫፉ ላይ ማዕበል የሚከላከል፣ ሥሩ ላይ ውሃ ማስወጫ ያለው ይሁን። ቱቦው ሲረዝም በውስጡ የቀረውን አሮጌ አየር መልሳችሁ ስለምትስቡ ይጎዳል።

ለመንሳፈፍ፣ በአፍ የሚነፋ ስኖርክሊንግ ጃኬት ከጀልባው ወፍራም ላይፍ ጃኬት ይሻላል። ወፍራሙ አንገትን ወደ ላይ ያነሣል፤ ፊትን ወደ ታች አድርጎ ለማየት አይመችም።

ውሃ ውስጥ

ለሁለታችሁ ሕግ ይኑር፦ ከሦስት ሜትር በላይ አትራራቁ፤ በየሁለት ደቂቃው አንገት ቀና አድርጋችሁ ዳሩን ወይም ጀልባውን ተመልከቱ። ምልክት ተስማሙ። ጣትን ክብ አድርጎ ማሳየት ደህና ነኝ ማለት ነው፤ አውራ ጣት ወደ ላይ ማንሣት ግን በጠላቂዎች ዘንድ ወደ ላይ እንውጣ ማለት ስለሆነ ለደህንነት አትጠቀሙበት። እጅን ዘርግቶ ማወዛወዝ የእርዳታ ጥሪ ነው።

መጀመሪያ ከጅረቱ በተቃራኒ ዋኙ፤ መመለሻው ከጅረቱ ጋር ሲሆን የደከመ እግር ያርፋል። የመጀመሪያው ጊዜ ሠላሳ ደቂቃ ይብቃ። ስኖርክል ውስጥ ውሃ ሲገባ አትሳቡት፤ በኃይል «ቱ» ብላችሁ አውጡት፤ ከዚያ በቀስታ ሳቡ። ማስክ ሲያፈስስ በጀርባ ተገልበጡና አስተካክሉ፤ ማሰሪያውን ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ያባብሰዋል፤ ማፍሰሱ ከፀጉር ወይም ከተጣመመ ሲሊኮን ነው የሚመጣው። አንዱ ከደነገጠ ሌላው ከፊቱ አይሂድበት፤ ከኋላ ወይም ከጎን ቀርቦ በጀርባ እንዲንሳፈፍ ይንገረው፤ የደነገጠ ሰው የቀረበውን ሁሉ ይጨብጣል።

የባሕር ጃርት ቢወጋችሁ የወጣውን እሾህ በመቆንጠጫ አውጡ፤ በውስጥ የተሰበረውን አትቆፍሩ፤ ሙቅ ውሃና ኮምጣጤ ሕመሙን ያቀልላሉ። የወጋችሁ ላየንፊሽ ወይም ስቶንፊሽ የሚባለው መርዛማ እሾህ ያለው ዓሣ ከሆነ የተወጋውን ክፍል 45 ዲግሪ ገደማ በሆነ፣ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ ውስጥ እስከ 90 ደቂቃ ድረስ ንከሩ፤ ወዲያውም ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ትልቁ ትሪገርፊሽ የሚባለው ዓሣ ጎጆው ላይ ስትመጡበት ያሳድዳል፤ የሚጠብቀው ቦታ ከጎጆው ተነሥቶ እስከ ውሃው ገጽ ድረስ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ስለሆነ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ሽሹ።

ስኖርክሊንግ ብቻ ያደረገ ሰው በዚያው ማታ መብረር ይችላል። ከሁለታችሁ አንዱ በጉዞው መካከል ስኩባ (በአየር ጋን መጥለቅ) ከጨመረ ግን፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ከጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበር ይቆይ፤ አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ወደ ቤት ለሚመለስ ሰው አንድ ሙሉ ቀን ማረፉ የበለጠ ደህና ነው።